ሰው የማይኖርበት የሚመስል ቤት

ግሪፊዝ፣ አውስትራሊያ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ላሳደጉኝና ለማከብርዎ አክስቴ ለፉአቲኖ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ይህ ደብዳቤ ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ እርስዎም ከማንም ጋር ባልተቀያየሙበት ቀን እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱን ግን አልቻልነውም፤ ባለቤቴ አሌኪ ከዶሮ ፋብሪካው ሲመለስ ሸሚዙን ጨምቆ ነው የሚያሰጣው። እጅ ነስቷል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ልጄ ስለ ሉፔ ነው። እንዳይደነግጡ፣ አልታመመችም። ትምህርት ቤት ግን አልሆነላትም። ስምንት ዓመቷን ከያዘች ወዲህ ክፍል ውስጥ ቃል አትተነፍስም። አስተማሪዋ ስትጠይቃት ዓይኗን ወለሉ ላይ ትተክላለች፤ እኛ ለትልቅ ሰው እንደዚያ እንድትሆን ስላስተማርናት ነው። እዚህ ግን ትልቅ ሰው ሲያናግራት ቀና ብላ ካላየችው ወይ ዋሽታለች ወይ አልገባትም ማለት ነው። «አይገባትም» ተብላ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ተቀምጣ ቀለም ስትቀባ ትውላለች። እቤት ስትገባ አፏ አይዘጋም፤ ጓሮ ላሉት ዶሮዎች ሳይቀር ትሰብካለች። ጠዋት ጠዋት ግን ሆዴን ትላለች፣ ጫማዋን ትደብቃለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን ጫማ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት።

እዚህ አገር ሕጉ ወላጅ ልጁን እቤቱ እንዲያስተምር ይፈቅዳል። እውነቴን ነው። ዝም ብሎ ማስቀረት ግን የለም፤ መመዝገብ ግዴታ ነው። አመለክታለሁ፣ ምን እንደማስተምራት ዕቅድ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ ሰው ቤታችን መጥቶ ያያል። እስኪፈቀድልን ድረስ ትምህርት ቤት መሄዷን አታቋርጥም። ካልተፈቀደ ደግሞ እዚያው ትቀራለች፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሥራዬን ከብርቱካን ማሸጊያው ለቅቄያለሁ። ስለዚህ በየወሩ የምልክልዎ ነገር ለጊዜው ይቋረጣል፤ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። በፓስተሩ ቤት እርስዎ ያስተማሩኝ የቋንቋችን የፊደል ገበታ፣ ያ ጥጉን አይጥ የበላው፣ እርስዎ ዘንድ ነው ያለው። ቢልኩልኝ። እኔ ማስተማር የማውቀው እንደዚያ ብቻ ነው መሰለኝ።

ልጅዎ ቲሬሳ


ቫይሉሉ፣ ሳቫኢ ደሴት
ማርች 3 ቀን 1998

ለልጄ ለቲሬሳ፤

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ሁሉ ይሁን። እኔ አለሁ። ጉልበቴም አለ፤ ሌሊት ሌሊት መኖሩን ያስታውሰኛል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ግራ አጋባኝ። እኔ የማውቀው ልጅ እቤት የሚቀረው ሲታመም ወይ ወላጆቹ ሰነፎች ሲሆኑ ነው። እዚህ መንደር ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ ሰው ሽማግሌዎቹ ጠርተው አሳማ ያስከፍሉታል። እዚያ ጭራሽ ፈቃድ ይሰጡታል ትይኛለሽ።

ለሴቶች ኮሚቴው ነገርኳቸው፤ ይረዱኝ ብዬ ነበር። የፓስተሩ ሚስት ሲኤኒ ራሷን ነቀነቀችና «ተባርራ ነው፣ ሊነግሩሽ አፍረው ነው» አለች። እሁድ ደግሞ ፓስተሩ በጸሎት መካከል የሉፔን ስም ጠርተው «የተሰናከለችውን» አሉ። ተነስቼ ልናገር ነበር፤ ጉልበቴ እስኪታዘዝልኝ አሜን ተባለ።

አሁን የምጠይቅሽን በግልጽ መልሺልኝ። ይህ ፈቃድ ስንት ነው? ለማን ነው የሚከፈለው? አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? አስተማሪዋስ ማን ናት? አንቺ ነሽ? ማባዛት ስትማሪ የእጅሽ ጣት አልበቃ ብሎሽ ወደ እግርሽ የወረድሽው ልጅ?

ከዚህ ሁሉ ልጅቷን ወደ እኔ ላኪያት። እዚህ ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው፣ ዓይኗንም የትም ብትተክል የሚነካት የለም። አስቢበት። ስለ ገበታው እናያለን።

ቤት ሊያይ ስለሚመጣው ሰው ግን አትጨነቂ። የመንደሩን ቤቶች ንጽሕና መፈተሽ ማለት የእኔና የኮሚቴዬ ሥራ ነው። ቀኑን ስታውቂ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ፉአቲኖ


ግሪፊዝ
ማርች 22 ቀን 1998

ለምወድዎ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከብርቱካኑ አበባ ሽታ ጋር ይድረስዎ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አሁን ግን አበባ የለም፣ ትቢያ ነው ያለው። ሰላምታው ብቻ ይድረስዎ።

ሉፔ አልተባረረችም። ለሲኤኒ ይህን ይንገሩልኝ። ሌላ ሰው ባለበት ይንገሩልኝ።

ፈቃዱ በነጻ ነው። ለማንም አይከፈልም። እኔም ሳይገባኝ ቀርቶ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ሰውዬው «ምንም» አለኝ፤ «ምንም ማለት ስንት ነው?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። መንግሥትም በበኩሉ ለእኔ ምንም አይሰጠኝም። መጽሐፉን፣ ወረቀቱን፣ መቀሱን፣ ሙጫውን እኔው ነኝ የምችለው። የምታነበውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስን ነው። ትልቁ ወጪ የእኔ ደመወዝ መቅረቱ ነው፤ አሌኪ ቅዳሜንም መሥራት ጀምሯል።

ግራ የገባኝ ዕቅዱ ነው። ትምህርቱ ስድስት ዓይነት ይሁን ይላሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ስለ ሰውና ስለ አካባቢው፣ ሥነ ጥበብ፣ ጤናና ስፖርት። ወላጁ የተማረ አስተማሪ ባይሆንም ይቻላል ይላል፤ እዚያ ላይ ደስ አለኝ። ወረድ ብሎ ደግሞ ትምህርቱ ከልጅቷ ፍላጎት ጋር እንዲስማማ ይላል። የሉፔ ፍላጎት ዶሮ ነው። ዶሮን ለስድስት እንዴት እንደምከፍላት ስቸገር አሌኪን ጠየቅሁት።

«ቀኑን ሙሉ ዶሮ ሳይ ውዬ መጥቼ» አለኝ፣ «ማታ ደግሞ ስለ ዶሮ አታንሺብኝ።»

ተፈቅዶም ለዘላለም አይደለም፤ እንደገና ይታደሳል፣ የተማረችውን ሁሉ መዝግቤ መያዝ አለብኝ። ማንበቡን ጨርሼ ስነሳ ከመጀመሬ በፊት የማውቀው እንኳ ጠፋብኝ።

ቢሆንም ከትምህርት ቤት ስትመለስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሞከርን ነው። እንቁላል ትመዝናለች፣ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ትጽፋለች፣ በሩን በጠመኔ ቁጥር ሞልተነዋል። የሥዕሏ ወረቀት ከአልጋ ሥር እስከ ኩሽና ተዘርግቷል። ቤቱ የዕብድ ቤት መስሏል፣ ግን ትስቃለች።

የምትመጣዋ ሴት ሚስስ ዳውሊንግ ትባላለች፤ ቀኑ ኤፕሪል 30 ነው። ስለ ዕቅዱ የማውቀው የለኝም፤ ስለ ቤት ፍተሻ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝ። ይንገሩኝ፣ እንደነገሩኝ አደርጋለሁ።

ሉፔን ስለመላኩ፣ እስቲ ይህን እንየው።

ልጅዎ ቲሬሳ

ገበታውን አደራ።


ቫይሉሉ
ኤፕሪል 9 ቀን 1998

ለልጄ ለቲሬሳ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቀኑ ቅርብ ስለሆነ ሌላ ወሬ አላበዛም።

ይህን ኮሚቴ ሃያ ዓመት መርቻለሁ። ፊሽካው ሲነፋ መንደሩ ሁሉ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። የሚፈተሽ ቤት ሰው የማይኖርበት መምሰል አለበት። ወለል ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ ያስቀጣል፣ መርፌም ብትሆን። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። አንሶላው ነጭ ይሁን፣ ድስቱ ታጥቦ ይደፋ፣ ሣሩ ይታጨድ። ያ በሩ ላይ ያልሽው ጠመኔ በሳሙና ይለቅ። ወረቀት የሚባል ዓይን እንዳያይ፤ የሚቃጠለውን አቃጥሉት። ይህን ሳነብ እኔ ራሴ አፍሬልሻለሁ፣ ከአልጋ እስከ ኩሽና።

ልጅቷን ነጭ ልብስ አልብሻት፣ ራሷን በዘይት አበጥሪላት፣ ኋላ ትቀመጥ። ካልተጠየቀች አትናገር። ብትጠየቅም አጭር ይሁን።

እንግዳዋን አብዪ። የታሮ ሥር ቀቅይ፣ ቅጠሉንም በኮኮናት ወተት ሥሪ። ስትሄድ ባዶ እጇን እንዳትሸኚያት፤ ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ የት ደርሶ ምን እንደሚል አታውቂም። አሌኪ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ሥጋ ይግዛ።

ገበታው የቆየ ነገር ነው፤ በፖስታ ቢላክ ይቀደዳል።

እንዲህ ካደረግሽ ሴትዮዋ የምታወጣው ጥፋት አይኖርም። በዚህ ብቻ እመኚኝ።

አክስትሽ ፉአቲኖ


ግሪፊዝ
ሜይ 2 ቀን 1998

ለአክስቴ ለፉአቲኖ፤

እንደምን አሉ? ሚስስ ዳውሊንግ መጥታ ሄደች።

ሁለት ቀን አጽድተን ነበር። አሌኪ ሣሩን አጭዶ ሲጨርስ የጎረቤትንም አጨደው። በሩን በሳሙና አጠብኩ። የሉፔን ወረቀት ሁሉ ጓሮ ባለው በርሜል አቃጠልነው። ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ድስቱ ተደፋ፣ አንሶላው ዓይን ይወጋ ነበር። ሉፔ ነጭ ለብሳ ኋላ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ገባችና ቆማ ዙሪያውን አየች።

«ሉፔ የምትማረው የት ነው?» አለችኝ።

«እዚህ።»

«እዚህ የት?» ወለሉን አየችው። ወለሉ ያበራል።

«የሠራችው ነገር ካለ ባየው ደስ ይለኛል።»

«ነበረ» አለ አሌኪ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ትናንት አቃጠልነው።»

«ለምን?»

«አንቺ ስለምትመጪ ነዋ።»

ወደ ሉፔ ዞራ ምን መማር እንደምትወድ ጠየቀቻት። ሉፔ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ደግማ ጠየቀቻት። ሉፔ እግሯን ሰብስባ ቀረች። ያንን አንድ ደቂቃ እስክሞት አልረሳውም፤ እቤቷ ውስጥ ሆና ትምህርት ቤት እንዳለች ሆነች።

ከዚያ ምግቡ ቀረበ። ታሮውን፣ የታሮውን ቅጠል፣ የአሳማውን ሥጋ ስታይ ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «መብላት አልችልም፣ ይቅርታ፣ እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለች። ስትወጣ አሌኪ የቆርቆሮ ሥጋውን ካርቶን ተሸክሞ ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ጫነው። አወረደችው። እሱ መልሶ ጫነው። ሁለተኛ ስታወርደው ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። ጉቦ መስሏት እንደሆነ የገባን ከሄደች በኋላ ነው።

ያለችኝ ይህ ነው። ባየችው ነገር ላይ ተመሥርታ ይፈቀድላቸው ብላ ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ አትችልም። እምቢ ከማለቷ በፊት ግን አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ ጁላይ 28። እስከዚያ ሉፔ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ትናንትም ጠዋት ጫማዋን ፈልጌ አጣሁት።

እርስዎ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቤቱ ሰው የማይኖርበት መሰለ። ሴትዮዋም አመነች።

ቲሬሳ


ቫይሉሉ
ጁን 14 ቀን 1998

ለልጄ ለቲሬሳ፤

ሰላም ለቤትሽ። ደብዳቤሽ «ልጅዎ» ሳይል አለቀ። አይቼዋለሁ።

ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። የዳቦ ዛፉ ፍሬ ዘንድሮ በዝቶ ነበር፣ የፓስተሩም ቤት ጣሪያ ሲለወጥ ሥራ ነበረብን። ይህ ሁሉ ምክንያት አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው።

አሁንም አልገባኝም። ቤት ልታይ መጥታ ንጹሕ ቤት አይታ የምትቆጣ ሴት በሕይወቴ አልሰማሁም። ኮሚቴውን ሰብስቤ ነገሩን አቀረብኩት።

«ቆሻሻ ለማየት ነው እንዴ የመጣችው?» አለች ሲኤኒ።

«ቆሻሻ ሳይሆን ሥራ ነው ማየት የፈለገችው» አለች የማብሰያ ቤቱ ኃላፊ።

«ሥራ ሲያልቅ ይነሳል እንጂ» አልኩ እኔ።

«እሷ ግን ገና ያላለቀውን ነው የፈለገችው።»

«ያላለቀ ሥራ ለእንግዳ ይታያል?»

 ከዚያ አንዷ «ምናልባት አገሩ ጽዳት አይወድም ይሆናል» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ አንሶላው በቂ ነጭ አልነበረም ይሆናል አለች። ከስብሰባው ስወጣ ከገባሁበት የባሰ ሆኜ ነው የወጣሁት። የቆርቆሮ ሥጋው ግን እንዴት ጉቦ ሊመስላት እንደቻለ ማንም አላወቀም።

ስለዚህ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ልጅቷን ወደ እኔ ላኪያት። ነፋስ በሚገባበት በኩል፣ ከምሰሶው ሥር ምንጣፍ ዘርግቼላታለሁ። የፊደል ገበታውን ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ስትነቃ ፊት ለፊቷ እንዲሆን። በፖስታ ይቀደዳል ያልኩሽ እውነት አይደለም። ከጻፍሽልኝ ቀን ጀምሮ እዚያ ነው ያለው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህ ቤት ጸጥ ብሎብኛል። እኔ ጸጥታ የምወድ ይመስላቸዋል። አልወድም።

አክስትሽ ፉአቲኖ


ግሪፊዝ
ጁን 27 ቀን 1998

ለአሳዳጊዬ ለፉአቲኖ፤

ይህ ሲደርስዎ በደህና ያግኝዎ። ብርዱ ገብቷል፤ ብርቱካኑም ደርሷል፣ ሌሎች ይለቅሙታል።

ደብዳቤዎን አሌኪ ነው ያነበበልኝ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ አነበብኩት።

እውነቱን ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ሉፔን ትምህርት ቤቱ ካለው የዕቃ ክፍል ውስጥ አገኟት፤ ከጠዋት ጀምሮ ተደብቃ ነበር። አስተማሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሷም እንደኔ ግራ ገብቷታል። አሌኪና እኔ ተነጋግረን አንድ ነገር ወስነናል። ጁላይ 28 ካልተፈቀደልን ወደዚያ አንመልሳትም፤ በአውሮፕላን ወደ እርስዎ እንልካታለን። ትኬቱን አሌኪ ጠይቆ መጥቷል።

አልፈልግም። እርስዎ ጋ ስለሆነ አይደለም፤ ከእኔ ስለምትለይ ነው። እኔ የእርስዎ ቤት ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ስለማውቅ ነው ክፉ ሳልናገር የምልካት።

ገበታውን ሁለተኛ አልጠይቅዎትም። ለማን እንደሰቀሉት ነግረውኛል።

ሴትዮዋ ስትመጣ ቤቱን እንዴት አድርጌ እንደምጠብቃት አላውቅም። ባጸዳ ጥፋት ነው፣ ባላጸዳ እፍረት ነው።

ልጅዎ ቲሬሳ

ሉፔ ከታች ራሷ ትጽፍልዎታለች ብላለች፤ እጇን አልያዝኩም።

አያቴ እኔ ሉፔ ነኝ። አንቺ ጋ ስንት ዶሮ አለ? እዚህ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ወደ ላይ አድርጊ ይሉኛል። እማዬ ወደ ታች ትለኛለች። አንቺ ጋ ስመጣ ዓይኔን የት ነው የማደርገው? ሁለቱንም እችላለሁ። ከመምጣቴ በፊት ንገሪኝ።


ቫይሉሉ
ጁላይ 10 ቀን 1998

ለቲሬሳ፤

ይህን የአሌኪ የአጎት ልጅ ያደርስልሻል። ሰኞ ስለሚሳፈር አጭር ነው።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የሰጠሁት ገበታው ነው። እንዳታጥፊው። ጥጉን አይጥ የበላውን ለጥፌዋለሁ። የምጠቁምበት የነበረውን የመጥረጊያ ስንጥርም አብሬ አስሬዋለሁ፤ እግርሽ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት ስቀዪው።

ቤቱን አታጽጂ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። ወለሉ ላይ ያለው ወለሉ ላይ ይቆይ፣ በሩም እንደተጻፈበት ይሁን። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሲኤኒም አልገባትም። ግን አንድ ጊዜ በእኔ ቃል ስለከሰርሽ አሁን በሴትዮዋ ቃል ሞክሪ። የቆርቆሮ ሥጋም አትጫኑ።

ለሉፔ ንገሪያት፤ አስራ አንድ ዶሮ አለ። ዓይኗን ደግሞ እኔ ላይ ታድርግ። ማየት የምፈልገው እሱን ነው።

አክስትሽ ፉአቲኖ


ግሪፊዝ
ኦገስት 1 ቀን 1998

ለምወድዎና ለምሳሳልዎ አክስቴ፤

ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ጉልበትዎም ይታዘዝልዎ። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ።

ያን ጠዋት አሌኪ መጥረጊያ ይዞ አገኘሁት። «ትንሽ ብቻ፣ በሩ ጋ ብቻ» አለኝ። ቀማሁት። ከዚያ እኔ ራሴ ሳላስበው ጨርቅ አርሼ ጠረጴዛ ስጠርግ እሱ ያዘኝ። ሁለታችንም ተያይዘን ተቀመጥን፤ እርስዎ በበሩ የሚገቡ እየመሰለን ነበር።

ሚስስ ዳውሊንግ ገባች። እንቁላሉን ተራመደችው፣ ወረቀቱን ተሻገረችው፣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ቆማ አነበበችው።  እኔን እፍረት ጆሮዬን አቃጠለኝ። ሉፔ ጥግ ይዛ ወለሉን ታያለች፤ አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ ገበታውን አየችው። «ይህ ምንድን ነው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሉፔ ተነሳች። ስንጥሩን አነሳችና ገበታው ፊት እንደ እርስዎ ቆመች። አክስቴ፣ ከዚያ ጮኸች። እኛ ከፓስተሩ ቤት ባሕሩ ድረስ እስኪሰማ እንደምንጮኸው፣ «አ፣ አታ! ኤ፣ ኤሌፋኔ!» እያለች እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። ገበታው ከደረሰን ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የጎረቤት ውሻ ይጮህ ጀመር። ሲያልቅ ስንጥሩን ወደ ሴትዮዋ አዞረችው።

«አሁን አንቺ» አለቻት።

«እኔ?»

«አዎ። አ፣ አታ፤ ሥዕል ማለት ነው።»

«አ፣ አታ» አለች ሚስስ ዳውሊንግ።

«አፍሽን ክፈቺው። እንደዚህ ተዘግቶማ አይሆንም። አያቴ ብትሰማሽ በስንጥሩ እግርሽን ትልሽ ነበር።»

ይህን ስትል ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን ነው የምታያት። እኔ ልቆጣት አፌን ስከፍት አሌኪ ክንዴን ያዘው። ሚስስ ዳውሊንግ ገበታውን እስከ ግማሽ ድረስ አለች፤ ሁለት ጊዜ ስታ ታረመች። ከዚያ ሉፔ ወለሉ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየቻት፤ የእንቁላሉን ክብደት፣ የዶሮዋን ሥዕል ከነአጥንቱ፣ ስለ ዶሮዎቹ በእንግሊዝኛ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበችላት። ስድስቱም ትምህርት ውስጡ ነበረ፤ ሴትዮዋ ናት የቆጠረችልኝ። እኔ ሦስቱን ብቻ ነበር ያገኘሁት።

ደብዳቤው ትናንት ደረሰን። ለአንድ ዓመት ተፈቅዶልናል። ምን ምን እንደተፈቀደልኝ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሚታደስም እንጃ። ሉፔ ግን ጫማዋን ራሷ አውጥታ በሩ ጋ አስቀምጣዋለች።

ለሴትዮዋ ምግብ አላቀረብንላትም። ሻይ ጠጣች። ሻይ ይቻላል አሉ።

ገበታው ከየትኛው ምሰሶ እንደወረደ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ልጅዎ ቲሬሳ


ቫይሉሉ
ኦገስት 23 ቀን 1998

ለልጄ ለቲሬሳ፣ ለአሌኪና ለሉፔ፤

ሰላም ለሦስታችሁም። ደብዳቤሽን ለኮሚቴው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲኤኒ ሴትዮዋ ስትታረም ያለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። እሁድም ፓስተሩ ለሉፔ ጸለዩ፤ አሁን ደግሞ «የተፈቀደላትን» ብለው።

እስቲ ስለዚህ ነገር ሕጉ ምን ይላል፤ እቤት የሚማር ልጅ ዕረፍት አለው ወይስ የለውም? የሚለቀቀው ማን ሲለቀው ነው? ዲሴምበር ላይ ከእኛ ጋር ብትሰነብት መሥሪያ ቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል? ካስፈለገ እኔ እጽፋለሁ። አስተማሪዋ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ አንቺን ነው የማስፈቅደው፤ እንግዲህ ይኸው።

ትናንት የቤት ፍተሻ ነበር። ጉልበቴ ስላሰረኝ ፊሽካውን ለሲኤኒ ሰጥቼ እቤት ቀረሁ። ሲዞሩ ውለው ማታ አካባቢ እኔ ጋ ደረሱ። ድስቱን አዩ፣ አንሶላውን አዩ፣ ምንም አላገኙም። ከዚያ ከምሰሶው ሥር ቆሙ።

«ይህ ምንጣፍ ለምን ተዘረጋ?» አለች ሲኤኒ። «ማን ነው የተኛበት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይጠቅለላ።»

«አይጠቀለልም።»

ተያዩ። ወለል ላይ የተገኘ ነገር ያስቀጣል የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። ሲኤኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፉአቲኖ፣ እንዳላየን ሆነን እንለፍ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት፤ ቅጣቴን ጻፊ አልኳት።

በሃያ ዓመት ውስጥ ቤቴ ሲቀጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ከፍያለሁ። ምንጣፉ እንደተዘረጋ ነው።

አክስትሽ ፉአቲኖ